ታፓስ ቤት ገብቶ ሳይጠግቡ ላለመውጣት፦ ከሰዓቱ እስከ ሒሳቡ

ከጀርመን፣ ከጣሊያን፣ ከስዊድን ስፔንን ሊያዩ የሚመጡ ወገኖቼ ስለ ታፓስ፣ ማለትም ከመጠጥ ጋር በትንንሽ ሳህን ስለሚቀርበው የስፔን ምግብ (አንዱ ታፓ ይባላል)፣ ሁለት ዓይነት ቅሬታ ይነግሩኛል። አንዱ «ትንንሽ ሳህን ደረደሩልን፣ ሳንጠግብ ብዙ ከፈልን» የሚል ነው። ሌላው «ሥጋ የለውም ብለውኝ ውስጡ አሳማ አገኘሁ» የሚል። የመጀመሪያው የሚመጣው ሁሉንም ምግብ ባንዴ ከማዘዝ ነው። ሁለተኛው የሚመጣው የማይበሉትን ነገር በስሙ ካለመጥራት ነው። ሁለቱም ይስተካከላሉ። ቅደም ተከተሉን ብቻ ጠብቁ።

የስፔንኛ ቃላቱን እንደሚነገሩት በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። ከመሄዳችሁ በፊት ጮክ ብላችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ በሏቸው።

1. የከተማውን ደንብ እወቁ

ታፓስ በሁሉም ከተማ አንድ ዓይነት አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንዱ ጋ ያየውን ሌላው ጋ ሲጠብቅ ነው።

ግራናዳ ከሆናችሁ መጠጥ ስታዙ ታፓው በነፃ አብሮ ይመጣል። ሁለተኛ መጠጥ ስታዙ ሁለተኛ ታፓ ይመጣል። ብዙ ቤት ውስጥ የሚመጣውን የሚመርጠው ወጥ ቤቱ ነው። መጠጡ የግድ አልኮል መሆን የለበትም፤ ለስላሳም ቢሆን ታፓ ያስመጣል። ሌዮን፣ ኻኤንና አልሜሪያም ይህ ልማድ አለ።

ሴቪያ ግን ነፃ የለም። ታፓውን ከሜኑ መርጣችሁ ትከፍላላችሁ። በምላሹ ምርጫው ሰፊ ነው። ሳህኗም ትንሽ ስለሆነች ብዙ ዓይነት መቅመስ ይቻላል።

ማድሪድ ከመጠጥ ጋር ጥቂት የወይራ ፍሬ ወይም ቺፕስ ሊሰጧችሁ ይችላሉ። ዋናውን ምግብ ግን ለብቻው ታዛላችሁ፤ ብዙ ጊዜም በትልቅ ሳህን ነው።

ሳን ሴባስቲያንና ቢልባዎ ታፓው ፒንቾ ይባላል። ቁራጭ ዳቦ ላይ የተደረደረ፣ አንዳንዴም በስቴክኒ የተወጋ ነው። ባንኮኒው ላይ ተደርድሮ ታገኙታላችሁ። እዚህ አንድ ስህተት አትሥሩ፤ ባንኮኒው ላይ ያለውን ብቻ በልታችሁ አትውጡ። ትኩሱ የሚሠራው ወጥ ቤት ነው፤ ስሙም ግድግዳ ላይ ሰሌዳ ላይ ተጽፏል። ከሰሌዳው አንድ ሁለት እዘዙ።

ሎግሮኞ ካዬ ላውሬል የሚባል መንገድ አለ። ቤቶቹ ጎን ለጎን ናቸው፤ ብዙዎቹም የሚታወቁበት አንድ ምግብ አላቸው። እዚያ አንድ ቤት ተቀምጦ ማምሸት ነገሩን ያበላሸዋል። አንድ ቤት አንድ ሳህን ቀምሶ ወደ ቀጣዩ ማለፍ ነው ደንቡ።

2. ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ያዙ

በዚህ ነገር የተራበ ሰው ብዙ ነው። ስፔን ምሳ የሚበላው በእኛ ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ነው (በእነሱ 14፡00 እስከ 16፡00)። እራት ደግሞ ከምሽቱ 3 ሰዓት (21፡00) በኋላ ነው። በመሃል ወጥ ቤቱ ይዘጋል። ቤቱ ክፍት ሆኖ፣ ሰው ቢራ እየጠጣ፣ ምግብ ግን «የለም» ሊሏችሁ ይችላሉ። ፊታችሁን አይተው አይደለም፤ ምግብ አብሳዩ ቤቱ ሄዷል።

ስለዚህ፦

ሀ. ለምሳ ከቀኑ 7፡30 (13፡30) ላይ ድረሱ። ስፔኖቹ ገና እየመጡ ስለሆነ ቦታ ታገኛላችሁ።

ለ. ለእራት ከምሽቱ 2፡30 (20፡30) ላይ ድረሱ።

ሐ. እሑድ ማታና ሰኞ ብዙ ቤት ይዘጋል። ቀድማችሁ አረጋግጡ። ነሐሴ ላይ ማድሪድ ከሆናችሁም እንዲሁ፤ ባለቤቶቹ ለእረፍት ዘግተው ይሄዳሉ።

ለጾመኞች አንድ መልካም ዜና ልንገራችሁ። እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ የስፔን ምሳ እንደ ተሠራላችሁ ነው። 9 ሰዓት ማለት በእነሱ 15፡00 ነው፤ ምሳው የሞቀበት ሰዓት። ግን አትዘግዩ። አንድ ሰዓት ብቻ ነው ያላችሁ።

ከተበላሸ፦ 11 ሰዓት ላይ ተርባችሁ መንገድ ላይ ከቀራችሁ፣ በር ላይ «ኮሲና ኢንኢንተሩምፒዳ» የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። ወጥ ቤቱ ቀኑን ሙሉ አይዘጋም ማለት ነው። ካጣችሁ ደግሞ ወጥ ቤት የማይፈልግ ነገር እዘዙ፤ የወይራ ፍሬ፣ አይብ፣ ወይም ባንኮኒው ላይ መስታወት ውስጥ የተቀመጠ ቀዝቃዛ ምግብ።

3. የማትበሉትን በስም ጻፉ

ይህን ክፍል ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው።

አንድ ረቡዕ ሴቪያ ውስጥ «ሲን ካርኔ» ብዬ አዘዝኩ፤ ያለ ሥጋ ማለቴ ነበር። አስተናጋጁ በደስታ እሺ ብሎ ባቄላ አመጣልኝ። ላዩ ላይ የተከተፈ የአሳማ ሥጋ ተነስንሶበታል። አልዋሸኝም። ስፔን ውስጥ ብዙ ሰው «ካርኔ» ሲባል ጥብሱና ወጡ ነው የሚታየው። ኻሞን፣ ማለትም በጨው የደረቀው የአሳማ ጭን፣ በእነሱ ዓይን ማጣፈጫ ነው። ቱናም እንደዚያው፤ «አትክልት ብቻ» ያላችሁት ሰላጣ ላይ ቱናና እንቁላል ተጭኖ ይመጣል።

ስለዚህ «ሥጋ አልበላም» አትበሉ። ነገሩን በስሙ ጥሩት። ስልካችሁ ላይ እነዚህን ጻፉ፦

አሳማ አልበላም፣ ኻሞንም ጭምር፦ «ኖ ኮሞ ሴርዶ፣ ኒ ኻሞን።»

ኻሞን አለበት?፦ «ዬባ ኻሞን?»

ውስጡ ምን አለ?፦ «ኬ ዬባ?»

ጾም ለሆነ ሰው፦ «ሶይ ቤጋኖ» (ሴት ከሆነች «ቤጋና»)። ከዚያ አስከትላችሁ «ሲን ካርኔ፣ ሲን ኻሞን፣ ሲን ፔስካዶ፣ ሲን ኡዌቦ፣ ሲን ሌቼ» በሉ። ያለ ሥጋ፣ ያለ ኻሞን፣ ያለ ዓሣ፣ ያለ እንቁላል፣ ያለ ወተት ማለት ነው። ይረዝማል፤ ግን ጥርጣሬ አይተውም።

አሳማ በብዙ ስም ይመጣል። ሜኑ ላይ ሴርዶ የሚለውን ቃል ብቻ ፈልጋችሁ «የለም» አትበሉ። ሎሞ፣ ፓንሴታ፣ ቶሲኖ፣ ቾሪሶ፣ ሳልቺቾን፣ ቶሬስኖስ፣ ቺቻሮኔስ፣ ሴክሬቶ፣ ፕሬሳ፣ ፕሉማ የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ አሳማ ናቸው። ኢቤሪኮ የሚለው ቃል ከሥጋ ጋር ከመጣ አሳማ ነው። ሞርሲያ በደም የተሠራ ቋሊማ ነው። ካሪያዳ የጉንጭ ሥጋ ነው፤ የበሬም የአሳማም ይሆናል፤ ጠይቁ። ሴቪያ ውስጥ ሶሎሚዮ አል ዊስኪ የሚባለው የአሳማ ሥጋ ነው።

አንድ ቃል ለይቼ ላስጠንቅቃችሁ። ማንቴኪያ ማለት የገበታ ቅቤ ነው። ማንቴካ ግን የአሳማ ስብ ነው። ድምፃቸው ተቀራርቦ ሰው ያሳስታሉ። ማንቴካ ዳቦ ላይ ይቀባል፤ ማንቴካዶ የሚባለው ደረቅ ኬክም የሚሠራው በእሱ ነው።

ኻሞን የሚደበቅባቸው ምግቦች እነዚህ ናቸው። ክሮኬታስ፣ ማለትም ተጠቅልሎ የተጠበሰው ለስላሳ ነገር፣ ብዙ ጊዜ ኻሞን አለበት። ሳልሞሬኾ የሚባለው ወፍራም ቀዝቃዛ የቲማቲም ሾርባ ላዩ ላይ እንቁላልና ኻሞን ይነሰነስበታል፤ «ሲን ኻሞን፣ ሲን ኡዌቦ» ካላችሁ ይተዉታል። የእንጉዳይ ጥብስና የባቄላ ጥብስ ኻሞን ይገባበታል። የወይራ ፍሬ እንኳ ሆዱ ውስጥ አንቾቪ የሚባል ትንሽ ዓሣ ተሞልቶ ይሸጣል።

በእኛ ልማድ የማይበሉ ሌሎችም አሉ። ፑልፖ ኦክቶፐስ ነው። ካላማሬስ ስኩዊድ፣ ጋምባስ ሽሪምፕ፣ ካራኮሌስ ቀንድ አውጣ፣ ኮኔኾ ጥንቸል ነው። ሁሉም ሜኑ ላይ የተለመዱ ናቸው።

አሁን ለጾም ወደሚሆነው እንምጣ። ስፔኖች የሚያበስሉት በወይራ ዘይት ነው፤ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ፓን ኮን ቶማቴ፦ የተጠበሰ ዳቦ ላይ ቲማቲም፣ ዘይትና ጨው።

ፒሚየንቶስ ደ ፓድሮን፦ ሙሉውን የተጠበሰ ትንንሽ አረንጓዴ ቃሪያ። አንዳንዱ ያቃጥላል፤ የእኛን ቃሪያ ለለመደ ግን ምንም አይደለም።

ኤስፒናካስ ኮን ጋርባንሶስ፦ የሴቪያ ምግብ ነው። ስፒናችና ሽምብራ በነጭ ሽንኩርትና በከሙን። አፍ ላይ ሲገባ ከቤታችን ወጥ ብዙም አይርቅም። ለጾም ቀን የመጀመሪያ ምርጫዬ እሱ ነው። ለማረጋገጥ ግን «ዬባ ኻሞን?» ብላችሁ ጠይቁ።

ጋስፓቾ፦ ቀዝቃዛ የቲማቲም ሾርባ፤ በበጋ የሚጠጣ።

ፓታታስ ብራባስ፦ የተጠበሰ ድንች ከቀይ ስጎ ጋር። ሁለት ነገር ጠይቁ። ስጎው የሥጋ መረቅ አለበት ወይ («ዬባ ካልዶ ደ ካርኔ?»)። ላዩ ላይ ነጭ አሊኦሊ (የነጭ ሽንኩርት ስጎ) እንዳይደረግ ንገሩ፤ ዛሬ ብዙ ቤት በእንቁላል ነው የሚሠሩት።

ቤሬንኼናስ፦ የተጠበሰ ደበርጃን። ከመጠበሱ በፊት ወተት ውስጥ የሚነክሩት ቤቶች አሉ። ጠይቁ።

ፒስቶ፦ በዘይት የበሰለ ቲማቲም፣ ቃሪያና ዝኩኒ። ላዩ ላይ እንቁላል ስለሚጠበስበት «ሲን ኡዌቦ» ማለትን አትርሱ።

የአለርጂ ዝርዝር ስጡኝ ማለትም ትችላላችሁ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከ2014 ማብቂያ ጀምሮ ምግብ ቤቶች 14 የአለርጂ መነሻዎችን የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው። እንቁላል፣ ወተት፣ ዓሣ፣ ሽሪምፕና የመሳሰሉት ከነዚያ ውስጥ ናቸው። ግን ልብ በሉ፤ ሥጋ በዝርዝሩ የለም። አሳማም የለም። ዝርዝሩ ንጹሕ ስለሆነ ብቻ ምግቡ የጾም ነው ብላችሁ አትደምድሙ።

ከተበላሸ፦ ኻሞን ተነስንሶበት ከመጣ እያነሳችሁ አትብሉ፤ ዝም ብላችሁም አትተዉት። ሳትነኩት አስተናጋጁን ጥሩና «ፔርዶና፣ ኖ ኮሞ ኻሞን» በሉ። አስቀድማችሁ ተናግራችሁ ከነበረ ይለውጡታል። ከነካችሁት በኋላ ግን ክርክር ይሆናል። ግራናዳ ላይ ደግሞ ታፓው ሳይመረጥ በፊት፣ መጠጡን ስታዙ ወዲያው ንገሯቸው።

4. የምትቆሙበትን ወይም የምትቀመጡበትን ምረጡ

ሦስት ቦታ አለ። ባንኮኒው «ባራ» ይባላል፣ የውስጡ ጠረጴዛ «ሜሳ»፣ የውጪው «ቴራሳ»። በብዙ ቤት ውጪ መቀመጥ ዋጋ ይጨምራል። አንዳንዱ ቤት ደግሞ ትንሿን ታፓ ባንኮኒ ላይ ለቆመ ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ከተቀመጣችሁ ትልቁን ሳህን ማዘዝ አለባችሁ። ስለዚህ ከመቀመጣችሁ በፊት «አይ ታፓስ ኤን ሜሳ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጠረጴዛ ላይ ታፓስ አለ ወይ ማለት ነው።

ሁለት ሦስት ከሆናችሁ ባንኮኒው ይሻላችኋል። ምግቡን እያያችሁ በጣት ማሳየት ትችላላችሁ። አገልግሎቱም ይፈጥናል። አረጋውያን ወይም ሕፃናት ካሉ ጠረጴዛ አስቀድማችሁ ያዙ።

ባንኮኒ ላይ ሰልፍ የለም። ክፍት ቦታ ስታዩ ተጠጉ፣ የአስተናጋጁን ዓይን ያዙ፣ ጠብቁ። ማጨብጨብ አያስፈልግም። ካላያችሁ «ፔርዶና» በሉ፣ እጃችሁን ትንሽ ከፍ አድርጉ። ፈገግታ ካላሳየ አትቀየሙ። በሥራ ሰዓት ፈጣንና አጭር ናቸው፤ ይህ ንቀት አይደለም።

5. መጠጥ ብቻ እዘዙ

መጀመሪያ የሚታዘዘው መጠጥ ነው። ምግቡን መጠጡ እስኪመጣ ባለው ጊዜ ትመርጣላችሁ።

ካኛ ትንሽ ድራፍት ናት፤ ብዙ ጊዜ 20 ሳንቲ ሊትር አካባቢ። ከጃምቦ ጋር አታወዳድሯት። ትንሽ የሆነችው ሳትሞቅ እንድታልቅ ነው። ክላራ ቢራ ከሎሚ ለስላሳ ጋር ነው። አልኮል የማትጠጡ ከሆነ «ሞስቶ» እዘዙ፤ የወይን ጭማቂ ነው፣ በወይን ጠጅ ብርጭቆም ይመጣል። «ሴርቤሳ ሲን አልኮል» አልኮል የሌለው ቢራ ነው።

ማንሳኒያ የሚል ቃል ስታዩ ተጠንቀቁ። ካሞሚል ሻይም ማንሳኒያ ይባላል፤ 15 በመቶ አልኮል ያለው የደቡብ ስፔን ነጭ ወይን ጠጅም ማንሳኒያ ይባላል። ሻዩን ከፈለጋችሁ «ኢንፉሲዮን ደ ማንሳኒያ» በሉ።

ውኃ ለመግዛት አትቸኩሉ። ከ2022 ጀምሮ በወጣው ሕግ ምግብ ቤቶች የቧንቧ ውኃ በነፃ ማቅረብ አለባቸው። «አግዋ ዴል ግሪፎ፣ ፖር ፋቦር» በሉ።

6. ምግቡን በዙር እዘዙ

መጠኑን ለዩ። ታፓ ለአንድ ሰው ጥቂት ጉርሻ ናት። ሜዲያ ራሲዮን ግማሽ ሳህን ነው፤ ለሁለት ይበቃል። ራሲዮን ሙሉ ሳህን ነው፤ ለሦስት ለአራት። አንድ ሜኑ ላይ ሦስቱም ዋጋ ጎን ለጎን ሊጻፍ ይችላል። ሳታዩ ስሙን ብቻ ከጠራችሁ ትልቁ ሊመጣ ይችላል። ሁልጊዜ መጠኑን አስቀድሙ፦ «ኡና ታፓ ደ...»፣ «ሜዲያ ራሲዮን ደ...»።

አራት ሰው ከሆናችሁ የመጀመሪያው ዙር እንዲህ ይሁን። አንድ ቀዝቃዛ (ለምሳሌ ፓን ኮን ቶማቴ)፣ አንድ አትክልት፣ አንድ ትኩስ። ሦስት ሜዲያ ራሲዮን በቃ። ስትጨርሱ ሁለት ጨምሩ። ከዚያ ወይ ሌላ ሁለት፣ ወይ ሌላ ቤት።

ለምን ባንዴ አይታዘዝም? ጠረጴዛው ትንሽ ነው፣ ወጥ ቤቱም ምግቡን በደረሰበት ተራ ነው የሚልከው። አሥር ሳህን ካዘዛችሁ ሁሉም በሩብ ሰዓት ውስጥ ይከመራል። ትኩሱ ይቀዘቅዛል። የመጀመሪያው ሳህን ምን ያህል እንደሚያጠግብ ሳታውቁ ሁሉንም ከፈላችሁ ማለት ነው።

ቶርቲያ ስታዙ ልብ በሉ። የእንቁላልና የድንች ወፍራም ጥብስ ነው፤ ብዙ ቤት ግን መሃሉን ሳያበስሉ ፈሳሽ ይተዉታል። ጥሬ እንቁላል የማትወዱ ከሆነ «ቢየን ኩዋኻዳ» በሉ።

ዋጋው ያልተጻፈ ምግብ ተጠንቀቁ። «S/M» ወይም «ሴጉን ሜርካዶ» ከተባለ ዋጋው በዕለቱ ገበያ ነው። ዓሣና የባሕር ምግብ ደግሞ አንዳንዴ በ100 ግራም ዋጋ ይጻፋል። ሜኑው ላይ ያለውን ቁጥር የሙሉ ሳህን ዋጋ መስሏቸው የደነገጡ አሉ። ከማዘዛችሁ በፊት «ኩዋንቶ ኩዌስታ ላ ራሲዮን?» በሉ።

ከተበላሸ፦ ያላዘዛችሁት ሳህን ከመጣ ሳትነኩ «ኤስቶ ኖ ኤስ ኑዌስትሮ» በሉ፤ የእኛ አይደለም ማለት ነው። ዳቦም ሳትጠይቁ ሊቀመጥ ይችላል፤ ነፃ ላይሆን ስለሚችል ካልፈለጋችሁ ወዲያው መልሱት።

7. አበላሉ

ይህን ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም። ሳህኑ መሃል ይቀመጣል፣ ሁሉም በየሹካው ከመሃል ያነሳል። ስጎውን በዳቦ ማጥቀስ ነውር አይደለም። ወይራና ፒንቾ በእጅ ይበላል። የወይራውን ዘር በሶፍት ወይም በሳህን ጠርዝ አስቀምጡ። ስቴክኒውን አትጣሉት፤ ሳን ሴባስቲያን ውስጥ አንዳንድ ቤት የበላችሁትን የሚቆጥሩት በእሱ ነው።

የመጨረሻዋን ቁራጭ ማንም አያነሳም። ስፔኖች «የኀፍረት ቁራጭ» የሚል ስም አውጥተውላታል። እኛም ቤት መሶቡ ላይ የምትቀረውን እናውቃታለን። አንዱ «አንተ ብላት» እስኪል ይጠበቃል። ሲሏችሁ አንድ ጊዜ እምቢ ብላችሁ ሁለተኛው ላይ ብሏት፤ ሦስተኛ ጊዜ ላይጠይቋችሁ ይችላሉ።

8. ሒሳብ

ሒሳብ በራሱ አይመጣም። ካልጠየቃችሁ ሰዓት ሙሉ ብትቀመጡም አያመጡላችሁም፤ ማስቸኮል ነውር ስለሆነ። «ላ ኩዌንታ፣ ኳንዶ ፑዌዳስ» በሉ፤ ሲመችህ ሒሳቡን ማለት ነው። የቆዩ ቤቶች ውስጥ ሒሳቡን ባንኮኒው እንጨት ላይ በጠመኔ ይጽፉታል። ሴቪያ ውስጥ ከ1670 ጀምሮ ያለው ኤል ሪንኮንሲዮ ዛሬም እንዲህ ያደርጋል። ክንዳችሁን ባንኮኒው ላይ ስታሳርፉ ቁጥሩን እንዳታጠፉት።

ወረቀቱን መስመር በመስመር አንብቡ። የሳህን ብዛት፣ መጠኑ ታፓ ነው ወይስ ራሲዮን፣ ዳቦ፣ የቴራሳ ጭማሪ። ስህተት ካለ በጣት አሳይታችሁ በእርጋታ ጠይቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው ያርሙታል። ካላረሙና እንደተበደላችሁ ካመናችሁ «ኦኻ ደ ሬክላማሲዮኔስ» በሉ። የቅሬታ ቅጽ ነው፤ እያንዳንዱ ቤት እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል።

ጉርሻ ግዴታ አይደለም። ዝርዝር ሳንቲም መተው ወይም ሒሳቡን ወደ ላይ ማጠጋጋት በቂ ነው።

ከስፔን ጓደኞች ጋር ከወጣችሁ «እኔ ልክፈል፣ እኔ ልክፈል» ብላችሁ አትታገሉ። ገና ሲወጣ ሁሉም እኩል ብር አዋጥቶ አንድ ሰው እጅ ላይ ያስቀምጣል፤ «ቦቴ» ይባላል። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሲዘዋወሩ የሚከፈለው ከዚያ ነው። ሲያልቅ እንደገና ይዋጣል። መጋበዝ ከፈለጋችሁ አንድ ዙር መጠጥ «ይህ የእኔ ነው» ብላችሁ ክፈሉ። ቀጣዩን ዙር ሌላው ይይዘዋል፤ ያን ጊዜ እናንተም እሺ በሉ።